ዕዳው ተከፍሏል
(መዳን በክርስቶስ ብቻ ስለ መሆኑ ለወጣቶች የቀረበ ጥናት)

የጥናቱ ክፍል፦ ሮሜ 3፥19-28፤ ኤፌሶን 2፥1-10፤ ሉቃስ 18፥9-14። ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ሦስቱም ክፍሎች ተራ በተራ ድምፅ ተሰጥቶባቸው ይነበቡ።

መግቢያ



እኛ በጅግጅጋ፣ በቀብሪበያህ፣ በቶጎ ውጫሌና በአካባቢው ባሉ ከተሞች የምንኖር የወንጌል አማኞች ቁጥራችን ጥቂት ነው። ጎሕ ሳይቀድ የመስጊዱ አዛን ያነቃናል፤ እሑድ ማለዳ ደግሞ ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴው ዜማ ይሰማናል። የምንውለው በአንድ ገበያ፣ የምንማረው በአንድ ትምህርት ቤት፣ ውሃ የምንቀዳውም ከአንድ ቦታ ነው። ስለዚህ በትልልቅ ከተሞች ያሉ ወጣቶች ምናልባት በመጽሐፍ ብቻ የሚያነቡት ጥያቄ ለእኛ በየቀኑ በቃል ይቀርብልናል።

ጥያቄውም ይህ ነው። እስላም ጎረቤቶቻችን በቀን አምስት ጊዜ ይሰግዳሉ፤ በረመዳን ወር ከንጋት እስከ ምሽት ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ይጾማሉ፤ ዘካ ያወጣሉ። ኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን በዓመት 180 ያህል ቀን ይጾማሉ፤ ይሰግዳሉ፤ ይመጸውታሉ። በጾም ርዝመትና በስግደት ብዛት ብንወዳደር ከእነርሱ ጋር የምንተካከል አይደለንም። ታዲያ «ድነናል» ስንል በምን ድፍረት ነው? ከማን በልጠን ነው? አንድ የክፍል ጓደኛችን ይህን ቢጠይቀን ምን ብለን እንመልሳለን?

መልሱን ያላወቀ ወጣት ከሁለት ጉድጓዶች በአንዱ ይወድቃል። ወይ በስሙ ብቻ የሚመካ ትዕቢተኛ ይሆናል፤ ወይም የሌሎቹን ትጋት አይቶ ይሸማቀቅና እምነቱን ይደብቃል። እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንመርምረው።

1ኛ. መዳን ማለት ምን ማለት ነው?

በቋንቋችን «ዳነ» የሚለው ቃል ሰፊ ነው። ከበሽታ የተፈወሰ ሰው ዳነ ይባላል፤ ከአደጋ ያመለጠም ዳነ ይባላል። በሶማልኛ «ባድባዶ» የሚባለው ቃልም ከአደጋ መትረፍን ያመለክታል። በዚህ አካባቢ ለሚኖር ሰው ስለ መዳን ሲነገረው አስቀድሞ የሥጋ መትረፍ ትዝ ቢለው አያስደንቅም። ከተማችን ብዙ አይታለችና።

በ1970 ዓ.ም. መባቻ ጅግጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ወድቃ፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በካራማራ ድል ተመልሳለች። በ1980 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን በቦምብ በደበደበ ጊዜ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ድንበሩን ተሻግሮ በሐርተሸክና በአካባቢው ሰፍሯል። የሐርተሸክ ጣቢያ በዚያን ጊዜ ከዓለም ትላልቅ የስደተኞች ሰፈሮች አንዱ ነበር፤ የተዘጋውም በ1996 ዓ.ም. ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ በጅግጅጋ በተነሣው ሁከት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ ካህናትና ምእመናን ተገድለዋል፣ ሱቅና መኖሪያ ተዘርፏል፤ ብዙ ሰው በአብያተ ክርስቲያናት ግቢ ተጠልሎ ሰንብቷል።

ከእንዲህ ያለው መከራ መትረፍ የእግዚአብሔር ምሕረት ነው። ነገር ግን ከጦርነት የተረፈ ሰው ቆይቶ በበሽታ ወይም በእርጅና ይሞታል። ከእሳት ያመለጠ ሰው በልቡ ጥላቻን ይዞ ሊኖር ይችላል። መጽሐፍ ቅዱስ መዳን ሲል ከዚህ የጠለቀውን ማለቱ ነው። ይኸውም፦

ሀ) ከኃጢአት ዕዳ፣ ማለትም በእግዚአብሔር ፊት ካለብን ፍርድ ነፃ መውጣት (ሮሜ 8፥1)፤
ለ) ከኃጢአት ግዛት፣ ማለትም ክፉውን እየጠላን ከምናደርግበት ባርነት መላቀቅ (ሮሜ 6፥14)፤
ሐ) ከእግዚአብሔር ጋር ታርቆ ልጁ መሆን፣ በመጨረሻም ሞት የማይነካውን ሕይወት መውረስ ነው (ዮሐንስ 1፥12፤ 5፥24)።

ይህን መዳን የጦር ሠራዊት አያስገኘውም፤ ገንዘብም አይገዛውም። ታዲያ መልካም ሥራ ያስገኘዋል ወይ? ወደዚህ እንለፍ።

2ኛ. ራሳችንን ማዳን ያልቻልነው ለምንድን ነው?

ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 2 ቁጥር 13 ላይ ለእኛ አገር ሰው የተነገረ የሚመስል ምሳሌ ሰጥቷል። ሕዝቡ የማይደርቀውን ምንጭ፣ እግዚአብሔርን ትተው የገዛ ራሳቸውን ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ጉድጓዱ ግን የተሰነጠቀ ስለሆነ ውሃ አልያዘላቸውም ይላል።

ከቀብሪበያህ እስከ ሐርተሸክ ያለውን ሜዳ የሚያውቅ ሁሉ ብርካ ምን እንደሆነ ያውቃል። ምንጭና ወንዝ በሌለበት ቦታ ሰዎች መሬቱን በጥልቅ ቆፍረው፣ ውስጡን በሲሚንቶ ለስነው፣ የክረምቱን ጎርፍ ለበጋ ያቆሩበታል። ሥራው ከባድ ነው፤ ወጪውም ቀላል አይደለም። ሆኖም ግድግዳው ከተሰነጠቀ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። ባለቤቱ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ደክሟል፣ ገንዘቡን አፍስሷል። ግን በበጋ ወራት ከብቶቹን ነድቶ ሲመጣ የሚያገኘው ደረቅ ጭቃ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 3 የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ሰው ሁሉ በደለኛ ነው ሲል፣ ሰው ሁሉ መልካም ነገር አይሠራም ማለቱ አይደለም። ጎረቤቶቻችን መልካም ይሠራሉ፤ እንግዳ ይቀበላሉ፤ የተራበ ያበላሉ። ጥያቄው ግን ብርካው ውሃ ይይዛል ወይ? ነው። ይጾማል የተባለው ሰው በልቡ ይቀናል፤ ይመጸውታል የተባለው ሰው ሰዎች እንዲያዩት ይመኛል፤ በመዘምራን መካከል ቆሞ የሚዘምረው ሰው ከባልንጀራው ጋር ሳይታረቅ ወር ያልፈዋል። ስንጥቁ በእስላሙም፣ በኦርቶዶክሱም፣ በጴንጤውም ብርካ ውስጥ አለ። በሮሜ 3፥22-23 ጳውሎስ ልዩነት የለም ያለው ስለዚህ ነው።

ከዚህም ጋር አንድ ነገር ልብ እንበል። የዛሬ መልካም ሥራ የትናንትን ዕዳ አይከፍልም። ከአንድ ባለ ሱቅ በዱቤ አምስት መቶ ብር የወሰደ ሰው ዛሬ የሚገዛውን ሁሉ በእጁ ከፍሎ ቢገዛ፣ የዛሬውን ብቻ ከፈለ እንጂ የትናንቱ ከመዝገቡ አልተፋቀም። ከነገ ጀምረን ፍጹም ቅዱሳን ሆነን ብንኖር እንኳ ያ የሚገባንን ማድረግ ነው እንጂ ላለፈው ካሣ አይሆንም። እንግዲህ ዕዳውን ማን ይክፈል?

3ኛ. የደም ካሣ ምሳሌ

በሶማሌ ወገኖቻችን ዘንድ ሔር የሚባል የቆየ የአገር ሕግ አለ። በዚህ ሕግ ሰው ሲገደል የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ «ማግ» የሚባለውን የደም ካሣ ይወስናሉ። በልማዱ ለአንድ ወንድ ነፍስ መቶ ግመል ነው። በጉርሱምና በባቢሌ በኩል ባሉት የኦሮሞ ወገኖቻችንም ዘንድ ጉማ የሚባል ተመሳሳይ ሥርዐት አለ። ይህን ሥርዐት ረጋ ብለን ብንመለከተው ለትምህርታችን ብዙ ይረዳናል።

አንደኛ፣ ደም በከንቱ አይታለፍም። ሽማግሌዎቹ «ያለፈ አልፏል፣ ተውት» ብለው አይነሡም። እንዲህ ቢሉ ለሟች ወገን ፍርድ አጓደሉ ማለት ነው። አንዳንድ ሰው «እግዚአብሔር መሐሪ ከሆነ ለምን ዝም ብሎ ይቅር አይልም? መስቀል ለምን አስፈለገ?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ የአገራችን ሽማግሌዎች ራሳቸው መልስ አላቸው፤ ካሣ የሌለበት ዕርቅ በደሉን እንደ ቀላል መቁጠር ነው። እግዚአብሔር መሐሪ ነው፤ ጻድቅ ፈራጅም ነው። በሮሜ 3፥25-26 በመስቀሉ ላይ ጽድቁም ምሕረቱም አብረው እንደተገለጡ እናነባለን።

ሁለተኛ፣ የሚከፍለው ገዳዩ ብቻውን አይደለም። አንድ እረኛ መቶ ግመል ከየት ያመጣል? ዘመዶቹ ያዋጣሉ። እጃቸው በደሙ የለበትም፤ ግን በሥጋ ወገኖቹ ስለሆኑ ዕዳውን ዕዳቸው ያደርጋሉ። ለባዕድ ሰው ማንም ግመሉን አይነዳም። እንግዲህ የእግዚአብሔር ልጅ ሥጋ የለበሰበትን ምክንያት እዚህ ላይ እናስተውል። ዕዳችንን ለመክፈል አስቀድሞ ዘመዳችን መሆን ነበረበት። ዕብራውያን 2፥11-17 ወንድሞች ብሎ ሊጠራን እንዳላፈረ፣ በሥጋና በደም እንደ ተካፈለን ያስረዳል። በመጽሐፈ ሩት ቦዔዝ ሊቤዥ የቻለው ዘመድ ስለነበረ ነው። «ቤዛ» የምንለው ቃል በውስጡ ይህ ሁሉ አለበት።

ሦስተኛ፣ ካሣው ተከፍሎ የተበደለው ወገን ከተቀበለ በኋላ ነገሩ ያበቃል። ከዚያ በኋላ «ይጨመርልኝ» የሚል ሰው የተደረገውን ዕርቅ ያፈርሳል። ወንድሞችና እህቶች፣ «ብቻ» የምትለው ቃል የቆመችው እዚህ ላይ ነው። ክርስቶስ ከሙታን መነሣቱ እግዚአብሔር አብ ካሣውን እንደተቀበለ ምስክር ነው (ሮሜ 4፥25)። በተቀበለው ካሣ ላይ ጾማችንን፣ አሥራታችንን፣ የቤተ ክርስቲያን አገልግሎታችንን እንደ ክፍያ ልንጨምር ብንሞክር፣ «የልጅህ ደም አልበቃም» ማለታችን ነው። ጳውሎስ በገላትያ 2፥21 ላይ ሰው በሕግ ሥራ የሚጸድቅ ቢሆን የክርስቶስ ሞት ትርጉም እንደማይኖረው አጥብቆ የተናገረው ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ምሳሌ ምሳሌ ነውና ልዩነቱንም ማወቅ ይገባናል። በማግ ሥርዐት ዘመዶች የሚከፍሉት ነገ በእነርሱ ላይ ቢደርስ እንዲከፈልላቸው ጭምር ነው፤ ክርስቶስ ግን ከእኛ የሚጠብቀው ብድር አልነበረውም። በማግ ሥርዐት በደለኛውም የድርሻውን ያዋጣል፤ በወንጌል ግን ከእኛ የሚዋጣ አንድም ግመል የለም። በማግ የሚሰጠው ከብት ነው፤ ጌታችን ግን ራሱን ሰጠ። ማግ የአንድን ቀን ደም ያስታርቃል፤ የክርስቶስ መሥዋዕት ግን አንድ ጊዜ ቀርቦ ለሁልጊዜ ይበቃል (ዕብራውያን 10፥10-14)።

4ኛ. እምነት ምንድን ነው?

መዳን በእምነት ነው ሲባል አንዳንዶቻችን እምነትን እንደ ሌላ ሥራ እንቆጥረዋለን። «እምነቴ ትልቅ ከሆነ እድናለሁ፤ ትንሽ ከሆነ አልድንም» ብለን እንጨነቃለን። አንዱ ሲጸልይ እንባው ይፈሳል፤ ሌላው አይፈስለትም፤ በዚህም ምክንያት «እኔ በእውነት አልዳንሁም ይሆን?» ይላል።

የውሃ ቦቴ ወደ ሰፈር ሲመጣ ሴቶችና ልጆች ጀሪካን ይዘው ይሰለፋሉ። ጀሪካኑ ውሃ አያመነጭም፤ ተቀባይ ነው። አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ቢጫም ሆነ ነጭ፣ የሚጠጣው ውሃ ከቦቴው የመጣው ነው። ማንም ሰው ጥሙ ሲቆረጥ «የጀሪካኔ ጉልበት!» አይልም። እምነትም እንዲሁ ባዶ ሆኖ የሚዘረጋ ዕቃ ነው። የሚያድነን የእምነታችን ብርታት ሳይሆን ያመንበት ጌታ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር በሉቃስ 23፥39-43 የተጻፈው ወንበዴ ነው። አልተጠመቀም፤ አልጾመም፤ የሰረቀውን አልመለሰም፤ እጁና እግሩ ተቸንክሮ ስለነበረ አንዳች ሊሠራ አይችልም ነበር። ያለው ባዶ ልመና ብቻ ነበር። በዚያኑ ቀን ግን ጌታ ገነትን ተስፋ ሰጠው። ይህን ሰው ያዳነው ምን እንደሆነ ብንጠየቅ ከክርስቶስ በቀር የምንጠቅሰው ነገር የለንም።

5ኛ. ትምህርቱ ከውጭ የመጣ ነውን?

«ይህ የፈረንጅ ሃይማኖት ነው» የሚል ቃል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 1517 የቤተ ክርስቲያንን የኃጢአት ስርየት ሽያጭ ተቃውሞ 95 አንቀጾችን ማውጣቱ እውነት ነው። የሮሜን መልእክት ሲመረምርም ሰው የሚጸድቀው በሥራው ሳይሆን በእምነት እንደሆነ አጥብቆ አስተምሯል። ነገር ግን ትምህርቱን እርሱ አልፈጠረውም።

ከሉተር 1500 ዓመት ገደማ በፊት አንድ ኢትዮጵያዊ ባለሥልጣን በሠረገላው ተቀምጦ፣ ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ ላይ ኢሳይያስ ምዕራፍ 53ን ያነብ ነበር (የሐዋርያት ሥራ 8፥26-39)። ያ ምዕራፍ የሚናገረው የሌሎችን በደል ተሸክሞ ስለሚሞት አገልጋይ ነው። ጃንደረባው የጠየቀው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ይህ ሰው ማን ነው? ፊልጶስም ከዚያው ክፍል ተነሥቶ ስለ ኢየሱስ ነገረው። የአገራችን ሰው የመጀመሪያው የወንጌል ትምህርት ስለ ቤዛችን የተሰጠ ትምህርት ነበር ማለት ነው።

ደግሞም እ.ኤ.አ. በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ወደ ጀርመን አገር ተጉዞ በዊተንበርግ ከሉተር ጋር ተገናኝቷል። ስለ ሃይማኖት ተነጋግረው ተግባቡ። ሲለያዩም ሉተር በጻፈለት የመሸኛ ደብዳቤ ላይ የሥርዐት ልዩነት የቤተ ክርስቲያንን አንድነት እንደማያፈርስ ተመልክቷል። ይህን ታሪክ የምንጠቅሰው ልዩነት የለም ለማለት አይደለም። ዛሬም ስለ ቅዱሳን ምልጃና ስለ ሥራ ቦታ ከኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን ጋር የማንስማማበት ነገር አለ። ነገር ግን የመጀመሪያው ንግግር በስድብ እንዳልተጀመረ ማወቁ ይጠቅመናል።

6ኛ. የሚነሡ ጥያቄዎች

ሀ) «ሥራ የማያድን ከሆነ እንደ ልባችን እንኑር?»

ይህን ጥያቄ ጳውሎስ ራሱ አንሥቶ በሮሜ ምዕራፍ 6 መልሶታል። በኤፌሶን 2 ቁጥር 8 እና 9 በሥራ እንዳልዳንን ከነገረን በኋላ፣ ወዲያው በቁጥር 10 ለመልካም ሥራ እንደተፈጠርን ይነግረናል። ሥራ የመዳን ሥር አይደለም፤ ፍሬው ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ በምዕራፍ 2 የሚገሥጸው ፍሬ የሌለውን ባዶ ወሬ እንጂ እምነትን አይደለም።

ከአገራችን ታሪክ አንድ ሰው እናንሣ። ኦኔሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር አካባቢ ተወልዶ ገና በሕፃንነቱ በባሪያ ነጋዴዎች ተነጥቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ ሰው በምፅዋ ነፃ አወጣውና ለስዊድን ሚስዮን አስረከበው። በ1872 ተጠመቀ። ከዚያ በኋላ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ፤ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 ታተመ። ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ተርጉሞ በድካሙ ዋጋ ነፃነቱን አልገዛም። መጀመሪያ ነፃ ወጣ፤ ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ሠራ። ባሪያ የሚሠራው ጅራፍ ፈርቶ ነው፤ ነፃ የወጣ ልጅ ግን ወዶ ይሠራል። የክርስቲያንም ሥራ እንዲሁ ነው።

ለ) «ማርያምንና ቅዱሳንን መናቅ አይደለም ወይ?»

አይደለም። እመቤታችን ማርያም በሉቃስ 1፥46-55 ባቀረበችው ምስጋና እግዚአብሔርን መድኃኒቴ ብላ ጠርታለች። እኛ የምንለው እርሷ ያለችውን ነው። ቅዱሳንን እናከብራለን፤ የእምነታቸውንም ፍሬ እንከተላለን። በእግዚአብሔርና በሰው መካከል የቆመ መካከለኛ ግን አንድ ብቻ እንደሆነ 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥5 ያስተምረናል። በዚህ ምክንያት በኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቻችን ፊት በቅዱሳን ስም የሚቀልድ ወጣት ካለ፣ ለወንጌል መሰናክል ሆኗል እንጂ ለወንጌል አልቆመም።

ሐ) «እስላም ጎረቤቶቻችንም ኢየሱስን ያከብራሉ፤ ልዩነቱ ምንድን ነው?»

እውነት ነው፤ ያከብሩታል። ነቢዩ ዒሳ ይሉታል፤ ከድንግል ማርያም እንደተወለደም ያምናሉ። ስለዚህ የጌታ ስም በጅግጅጋ እንግዳ ስም አይደለም። ልዩነቱ ያለው በመስቀሉ ላይ ነው። ለእነርሱ ነቢይ ነው፤ ለእኛ ከዚህ በላይ ዕዳችንን የከፈለ ቤዛና ጌታ ነው። ይህን ልዩነት ለማለዘብ ብለን አንሸፋፍነው፤ ለመጣላትም ብለን አናጋንነው። ሲጠይቁን በ1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 እንደታዘዝነው በየዋህነትና በአክብሮት እንናገር።

መ) «ታዲያ ሳያምኑ የሞቱ ዘመዶቻችንስ?»

ይህ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ነው። ከእኛ መካከል ደግ አያት፣ የምትወደድ አክስት በሌላ እምነት ሆና ያረፈችባቸው ብዙዎች አሉ። ሁለት ነገር አጥብቀን እንያዝ። አንደኛው፣ በሐዋርያት ሥራ 4፥12 እንደተጻፈው ለመዳን የተሰጠ ሌላ ስም የለም፤ ሐዘናችንን ለማቅለል ብለን ይህን ልናላላው አንችልም። ሁለተኛው፣ የሰውን ልብ የሚያውቅና የሚፈርድ እግዚአብሔር ብቻ ነው። አብርሃም በዘፍጥረት 18፥25 የምድር ሁሉ ዳኛ ፍርድ እንደማያጓድል ታምኖ ነበር፤ እኛም እንታመናለን። የፍርድ ወንበር ለእኛ አልተሰጠንም። የተሰጠን ምስክርነት ነው፤ እርሱም በሕይወት ላሉት ነው።

7ኛ. የሚመካ ማነው?

ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቅነው ጥያቄ «ድነናል ስንል ከማን በልጠን ነው?» የሚል ነበር። አሁን መልሱ ግልጽ ነው፤ ከማንም አልበለጥንም። ዕዳው ተከፍሎለት ከእስር የወጣ ሰው በሀብታሙ ፊት ደረቱን አይነፋም። ጳውሎስ በሮሜ 3፥27 ትምክሕት ተዘግቶበታል ያለው ይህን ነው።

በሉቃስ 18 የተጻፈውን ፈሪሳዊ እንመልከት። በሳምንት ሁለት ቀን የሚጾም፣ አሥራት የሚያወጣ ሰው ነበር፤ አልዋሸም። ጥፋቱ ጾሙን በጎኑ ከቆመው ሰው ጋር መመዘኛ ማድረጉ ነው። እኛ የወንጌል አማኞች በጾም ባንመካም በሌላ ልንመካ እንችላለን። «እኔ ጌታን የተቀበልሁት በዚህ ዓመት ነው»፣ «እኔ መዘምር ነኝ»፣ «የእኛ ጉባኤ በመንፈስ ይበልጣል» ማለትም ያው የፈሪሳዊው ጸሎት ነው። «በጸጋ ብቻ ድኛለሁ» እያሉ በዚያው መመካት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ስጦታን እንደ ደመወዝ ማውራት ነውና።

ይህ ትምህርት በከተማችን ኑሮ ላይ ትልቅ ፍሬ ሊኖረው ይገባል። ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ከሆነው በኋላ በብዙ ሰው ልብ ቂም ቀርቷል። ቂም ደግሞ «ዕዳ አለብህ፤ ትከፍላለህ» የሚል መዝገብ ነው። በደል ለፈጸሙ ሰዎች በሕግ ፊት መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው (ሮሜ 13፥4)። ነገር ግን የገዛ መዝገቡ በክርስቶስ ደም የተፋቀለት ሰው የአንድን ሕዝብ ሁሉ ስም በቂም መዝገብ ጽፎ ሊይዝ አይችልም። በማቴዎስ 18፥21-35 ብዙ ዕዳ ተትቶለት ጥቂት ዕዳ ያለበትን ባልንጀራውን ያነቀውን አገልጋይ እናስታውስ።

እንግዲህ በተግባር ምን እናድርግ? በረመዳን ለሚጾመው የክፍል ጓደኛችን ክብር እንስጥ፤ ፊቱ ላይ አንብላ። በጎረቤት ኀዘን ሲሆን ማንም ይሁን ማን ሄደን እንቀመጥ። ከገበያ ሚዛን እስከ ፈተና ወረቀት ድረስ እውነተኞች እንሁን። ይህን ሁሉ የምናደርገው ለመዳን አይደለም፤ የዳነ ሰው ኑሮ ይህ ስለሆነ ነው። ጎረቤቶቻችን የጾማችንን ርዝመት ባያዩም ይቅር ባይነታችንን ካዩ፣ ምክንያቱን ይጠይቁናል። ያን ጊዜ የምንነግራቸው ስለ ራሳችን ሳይሆን ዕዳችንን ስለከፈለው ጌታ ይሆናል።

ማጠቃለያ

1. መዳን ከኃጢአት ዕዳና ግዛት ነፃ ወጥቶ የእግዚአብሔር ልጅ መሆን ነው።
2. የሰው መልካም ሥራ የተሰነጠቀ ብርካ ስለሆነ ሊያድን አይችልም።
3. ክርስቶስ ዘመዳችን ሆኖ ካሣውን ፈጽሞ ከፍሏል፤ በላዩ የሚጨመር የለም።
4. እምነት ባዶ ዕቃ ነው፤ የሚያድነው የተቀበልነው ጌታ ነው።
5. መልካም ሥራ የመዳን ፍሬ ነው፤ ትምክሕት ግን ከቶ ቦታ የለውም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አንድ ሰው «ሃይማኖታችሁ ቀላል ነው፤ ጾም እንኳ የላችሁም» ቢለን እንዴት እንመልስለታለን?
2. የማግ ሥርዐት ከክርስቶስ ሥራ ጋር በምን ይመሳሰላል? በምን ይለያል? ዕብራውያን 2ን አንብባችሁ ተወያዩ።
3. በእኛ ጉባኤ ከክርስቶስ ሥራ ጋር እንደ ክፍያ እንዳይደመር የምናሰጋው ምንድን ነው?
4. በልባችሁ የያዛችሁት የቂም መዝገብ አለ? ለማንም ሳትናገሩ በጸሎት ወደ ጌታ አምጡት።
5. በዚህ ሳምንት ለአንድ ጎረቤት የምታደርጉትን አንድ መልካም ነገር ወስኑ፤ ለምን እንደምታደርጉትም አስቡ።

በቃል የሚጠና፦ ኤፌሶን 2፥8-10። በሚቀጥለው እሑድ እያንዳንዱ በቃሉ ይዞ ይምጣ።

በደሙ የገዛን ጌታ በምስጋና የሚሠራ እጅ፣ ይቅር የሚል ልብም ይስጠን። አሜን።